«ይሄ እንጀራ አይሆንም» ላሉሽ

አቦ፣ መጀመሪያ «የፊልም ሂስ እንጀራ አይሆንም» ላሉሽ ቤተሰቦችሽ ልቁምላቸው። ድሬ ላይ የፊልም ሂስ ብቻ ጽፎ ቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው አላውቅም። ስለዚህ የጋዜጠኝነት ዲግሪሽን ጨርሺ፣ ዜና መሥራት ልመጂ፣ ሂሱን ከጎኑ ያዢው።

«ጋሼ፣ ሦስተኛ ዓመት ነኝ፣ ሃያሲ መሆን እፈልጋለሁ፣ አይተው ይፍረዱኝ» ብለሽ «ዘ ኔም ኦፍ ዘ ሮዝ» ስለተባለው ፊልም ሦስት ገጽ ላክሽልኝ። አነበብኩት። ሁለቱ ገጽ ትረካ ነው። በፈረንጆቹ 1327 ሰሜን ጣሊያን ገዳም ውስጥ መነኮሳት ተራ በተራ ይሞታሉ፣ ተዋናዩ ሾን ኮነሪ ይመረምራል፣ ወዘተ። ገዳዩንም ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ዘረገፍሽው! ፊልሙን ላላየ ሰው እንዲህ ይደረጋል?

መጨረሻ ላይ ደግሞ «ሃያስያን አልወደዱትም» ብለሽ ዘጋሽው። የትኞቹ? የት አገር? ፊልሙ በፈረንጆቹ 1986 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ ያስገባው 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፣ እዚያ የወጣበትን እንኳ አልመለሰም። አሜሪካዊው የፊልም ሃያሲ ሮጀር ኤበርት ታሪኩ የተወሳሰበ፣ ምስሉም ከመጨለሙ የተነሳ ምን እየሆነ እንዳለ የማይለይ ነው ብሎ ቅር ተሰኝቷል። አውሮፓ ግን ሌላ ነው። ሕዝቡ ጎረፈለት፣ ፈረንሳይ የሴዛር ሽልማትን በምርጥ የውጭ ፊልም ሰጠችው፣ ኮነሪም እንግሊዝ ላይ በምርጥ ተዋናይነት ባፍታ የተባለውን የፊልም ሽልማት ወሰደ። አንድ ፊልም ነው እኮ! አንዱ ጋ ግራ ያጋባ ሌላው ጋ የተወደደው ለምንድን ነው ብለሽ ስትጠይቂ ነው ሂስ የሚጀምረው።

መነሻው የጣሊያናዊው ደራሲ የኡምቤርቶ ኤኮ ልብ ወለድ ነው፣ በክርክርና በምልክት የታጨቀ። ዳይሬክተሩ ዣን ዣክ አኖ ያን ሁሉ ሁለት ሰዓት ውስጥ እንደማይከተው ስለገባው ይመስለኛል፣ መግቢያው ላይ ፊልሙን የመጽሐፉ «ፓሊምፕሴስት» ብሎታል፤ የቀድሞው ጽሕፈት ተፍቆ በላዩ ሌላ የተጻፈበት ብራና ማለት ነው። ይቺን ቃል ዝም ብለሽ አልፈሻታል። አንድ ቅዳሜ ሚኒባስ ያዢና ሐረር ውጪ፣ ሸሪፍ ሙዚየም ገብተሽ አሮጌዎቹን የእጅ ጽሑፎች እዪ። ከዚያ ፊልሙ ውስጥ ስላለው የገዳሙ ቤተ መጻሕፍት የምትጽፊው ሌላ ይሆናል።

አንድ ቦታ ግን ያዝሽኝ። ቀፊራ ሱቅ ያላቸው አያትሽ ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ ነካ አድርገው የዱቤ ደብተራቸውን ሲገልጡ፣ ፊልሙን ባየሽ ማግስት «ልጮህ ምንም አልቀረኝ» ብለሻል። ያየው ሰው ለምን እንደደነገጥሽ ያውቃል፣ ያላየው ለማየት ይቸኩላል። ይቺን ገጽ ሦስት ግርጌ ቀበርሻት! ሁለቱን የትረካ ገጽ ጣዪ፣ ከአያትሽ ደብተር ጀምሪና መልሰሽ ላኪልኝ፣ ከዚያ የትኛው ኤፍኤም ጣቢያ ይዘሽ እንደምትሄጂ እንነጋገራለን።