ጄኔሬተሩ እየሠራ መተኛት ይቻላል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ያገለገለ የመኖሪያ መኪና ገዝታችኋል፤ አብሮ የተገጠመ የቤንዚን ጄኔሬተር አለው። ልጆቹ ሙቀት ስለማይችሉ ሌሊቱን ኤሲ ከፍታችሁ መተኛት አስባችኋል። «የጋዝ አላርም ስላለ አይበቃም ወይ?» ነው ያልሽው። እኔም እንዲህ ባለ መኪና ብዙ ስለዞርኩ የማውቀውን ልንገርሽ። አይበቃም። ጄኔሬተሩ እየሠራ አትተኙ።

መጀመሪያ የትኛው አላርም እንዳለሽ እዪ። ያገለገሉ መኪኖች ላይ ወለሉ አጠገብ ተገጥሞ የምታገኚው ብዙውን ጊዜ የምድጃው ጋዝ ሲያፈስ የሚጮኸው ነው። የምድጃ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደታች ይተኛል፤ ለዚያ ነው ታች የሚሰቀለው። የጄኔሬተሩ ጭስ ይዞት የሚመጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሌላ ነገር ነው፤ የራሱ አላርም ያስፈልገዋል። ሁለቱን አንድ ላይ የያዙም አሉ። ላዩ ላይ የተጻፈውን ሳታነቢ «አለን» አትበዪ።

ካለም ደግሞ ገልብጪና ጀርባውን እዪ። የተሠራበት ወይም የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። ውስጡ ያለው ሴንሰር ያረጃል፤ እንደ ዓይነቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው የሚያገለግለው። መሞከሪያውን ስትጫኚ ጮኸ ማለት ድምፁና ባትሪው ይሠራሉ ማለት እንጂ ሴንሰሩ ጋዙን ይለያል ማለት አይደለም። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ቀኑ ካለፈ ዛሬውኑ ቀይሪው፤ አዲሱን መኝታው አጠገብ ስቀይው።

አዲስ አላርም ቢኖርሽም አትተኙ የምለው ለምንድነው? አላርሙ ጋዙ እንደገባ ወዲያው አይጮህም። ብዙ አምራቾች በሚከተሉት የአሜሪካ ደረጃ፣ ዩኤል 2034 በሚባለው፣ አየሩ ውስጥ ከሚሊዮን 70 እጅ ጋዝ ቢኖር የሚጮኸው ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። 150 ከሆነ ከ10 እስከ 50 ደቂቃ፤ 400 ከደረሰ ከ4 እስከ 15 ደቂቃ። እስከዚያ ልጆቹ እየተነፈሱት ነው። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ስለዚህ «ከሸተተኝ እነቃለሁ» የሚባለው አይሠራም። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። የነቃ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ትኩሳት የሌለው ጉንፋን ነው የሚመስለው። የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ሊያልፍ ይችላል።

አሁን ቀን ቀን ስትጠቀሙበት ወደሚያስፈልገው እንምጣ። ትልቁ ጉዳይ ጭሱ የት ነው የሚሄደው የሚለው ነው። መኪናው ያገለገለ ስለሆነ ከመጓዝሽ በፊት ማርሚታውን፣ ማለትም የጄኔሬተሩን የጭስ ማውጫ ቱቦ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እዪው። በመንቀጥቀጥና ከመሬት ጋር በመጋጨት ይሰነጠቃል፤ ማያያዣው ይላላል። መጋጠሚያው ላይ ጥቁር ጥላሸት ካየሽ እያፈሰ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ቀድሞ ያልነበረ ጩኸት ወይም ትክ ትክ የሚል ድምፅ ካለም እንዲሁ። የቱቦው ጫፍ ከመኪናው አካል ወጣ ብሎ ማለቅ አለበት። መኪናው ሥር ካበቃ ጭሱ እዚያው ይጠራቀምና በገመድና በውኃ ቧንቧ ቀዳዳ ሾልኮ ይገባል።

አቋቋምም አለ። የጭሱን አፍ ወደ ግድግዳ፣ ወደ ቁጥቋጦ ወይም ወደ ሌላ መኪና አታዙሪ፤ ተመልሶ ወደ እናንተ ነው የሚመጣው። ሣር ላይ ከሆነ ደግሞ እሳቱም አለ። ቱቦው ደረቅ ሣር ለማቀጣጠል በቂ ሙቀት አለው። በጭሱ በኩል ያሉትን መስኮቶች ዝጊ። አንድ ነገር በተለይ ልብ በይ፦ የጣሪያው ማራገቢያ አየር ወደ ውጭ ሲያወጣ በምትኩ በሌላ ክፍት ቦታ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። የጭሱ ማውጫ አጠገብ ያለ መስኮት ክፍት ከሆነ ጭሱን ራስሽ ጎትተሽ አስገባሽ ማለት ነው። ነፋስ ሲዞርም ጄኔሬተሩን አጥፍቶ መኪናውን ማዞር ነው እንጂ «ትንሽ ነው» ብሎ መተው አይደለም። የጎረቤት ጄኔሬተርም ያው ነው። እኔ ሰው አጠገቤ መጥቶ አስነስቶ ጭሱ ወደኛ ከመጣ በትሕትና እነግረዋለሁ፤ ካልሰማ ቦታ እቀይራለሁ። ክርክር አያዋጣም።

ወደፊት በእጅ የሚያዘውን ትንሹን ጄኔሬተር ከገዛችሁ ቢያንስ 6 ሜትር አርቃችሁ አስቀምጡት፤ አፉ ወደ ውጭ ይዙር። በዝናብ ጊዜ በረንዳው ሸራ ሥር የሚያስገቡትን አይቻለሁ። በጭራሽ አይሆንም።

አነሳሱን በአጭሩ። ዘይቱን ሳታዪ አታስነሺ። ኤሲውና ሌላው ሁሉ ጠፍቶ አስነሺው፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሙቅ፤ ከዚያ ኤሲውን ክፈቺ። ኤሲ ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኃይል ይጠይቃል፤ በዚያው ሰዓት ማይክሮዌቭ ካለ ጄኔሬተሩ ይጠፋብሻል። ስታጠፊም መጀመሪያ ጭነቱን አውርጂ፤ ትንሽ ደቂቃ ባዶውን ይሥራና ይቀዝቅዝ። ከፍታ ቦታ ላይ ከደከመ አትደንግጪ። በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ 4,000 ዋት የሚለው 2,400 ሜትር ላይ ወደ 2,900 ይወርዳል። የመኪናው ቤንዚን ሩብ ገደማ ሲደርስ ጄኔሬተሩ ብቻውን ቢጠፋም ብልሽት ላይሆን ይችላል። በመንገድ እንዳትቀሩ ብዙዎቹ ሆን ተብሎ እንደዚያ ነው የተሠሩት። ነዳጅ ስትሞዪ ግን ሁሉንም አጥፊ፤ የጋዙንም ሲሊንደር ዝጊ። ጄሪካን ቤንዚን መኝታ ቤት ውስጥ አታስቀምጡ። ሳትጠቀሙበት ከቆየ በወር አንዴ ለሁለት ሰዓት ያህል ኤሲ ከፍታችሁ አሠሩት፤ የቆመ ቤንዚን ካርቡሬተሩን ይደፍነዋል።

ለሌሊቱ እኛ የምናደርገው ይህ ነው። ጥላ ያለበት ቦታ እንቆማለን። ከመኝታ በፊት መስኮቱን ዘግተን ኤሲውን አንድ ሁለት ሰዓት እናሠራና ቤቱን በደንብ እናቀዘቅዘዋለን። ከዚያ ጄኔሬተሩ ይጠፋል። በባትሪ የሚሠራ 12 ቮልት ማራገቢያ ልጆቹ አጠገብ ይደረጋል፤ መስኮት ይከፈታል። በጣም በሚሞቅበት ወቅት ደግሞ መብራት ያለበት ካምፕ ይሻላል፤ ገመዱን ሰክተሽ ኤሲሽን እስኪነጋ ትከፍቻለሽ። ለባትሪና ለኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል እንደ ቤት መብራት አድርጎ ለሚቀይረው መሣሪያ) ብር ካላችሁ እሱም ጥሩ ነው፤ ኤሲ ሌሊቱን ሙሉ የሚያሠራ ባትሪ ግን ቀላል ወጪ አይደለም።

አላርሙ ከጮኸ፣ ቀንም ይሁን ማታ፣ «ተበላሽቶ ነው» ብለሽ እንዳትነቅዪው። ሁሉንም ይዘሽ ውጪ፤ ልጆቹን ቁጠሪ። ጄኔሬተሩን የምታጠፊው ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ያውም ከውጭ መድረስ ከቻልሽ ብቻ ነው። ራሱን ያመመው ወይም የደነዘዘ ሰው ካለ አምቡላንስ ጥሪ፤ ኦክስጅን ያስፈልገዋል። አየሩ ተሻለኝ ብለሽም ሳይመረመር ተመልሰሽ አትግቢ።

የአላርሙን ጀርባና የጭሱን ቱቦ ጫፍ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ አየዋለሁ።