የደረቀ ዝቃጭ ለጎመን ይሆናል ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። የደረቀ የማጣሪያ ዝቃጭ፣ ማለትም ውሃ ወይም ፍሳሽ ሲጣራ ከታች የሚቀረውን ጭቃ፣ በኩንታል የሚሸጥልህ ሰው አግኝተሃል፣ ለጓሮህ ጎመንና ሰላጣ ላድርገው ወይ ነው ያልከው። ለሰላጣው በፍጹም። ለሌላው ግን ነገር አለው። እኔ ዝቃጭ ስገለብጥ ዓመታት ስለቆጠርኩ የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ ከየት እንዳመጣው ጠይቀው። የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ዝቃጭና የፍሳሽ ዝቃጭ ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ አይገናኙም። የመጀመሪያው ባብዛኛው ጭቃና ውሃውን ለማጥራት የተጨመረ አሉም ነው። እሱን ማዳበሪያ ብሎ ከሸጠልህ ሸውዶሃል፤ እንዲያውም አሉሙ ፎስፈረሱን አንቆ ይዞ አትክልቱን ያስርበዋል። ከሸክላ አፈር ጋር ተቀላቅሎ ጡብ ቢሆን ይሻለዋል።

የፍሳሹ ግን ናይትሮጅንም ፎስፈረስም አለው። አሜሪካ ያለችው ሚልዋኪ ከተማ በፈረንጆቹ ከ1926 ጀምሮ የራሷን ዝቃጭ በሙቀት አድርቃ በከረጢት ትሸጣለች። ስለዚህ ነውር የለውም። ጣጣው ጥሬው ላይ ነው።

ደረቀ ማለት ሞተ ማለት አይደለም። የወስፋት እንቁላል ቅርፊቱ ወፍራም ነው፣ የሁለት ሳምንት ፀሐይ ምንም አያደርገውም። እኔም የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ክምር (ዝቃጩ ከሰጋቱራ ጋር ተከምሮ በራሱ ሙቀት እንዲበስል ነው) ስንሠራ ዝቃጩ ገና እርጥብ ነበር፣ ሰጋቱራውንም ሰስተን ነው የጨመርነው። ሦስት ወር ቆየ፣ ጠቆረ፣ ሽታው ጠፋ፣ ስታሸው እንደ ቡና ዱቄት ይፈረፈራል፣ ደስ ብሎን በከረጢት ልንሞላው ስንል ዝናብ ጣለና በሳምንቱ ክምሩ ላይ ቲማቲም በቀለ። ማንም አልተከለም! የቲማቲም ፍሬ የሰው ሆድ አይፈጨውም፣ በሽንት ቤት በኩል መጥቶ እዚያው ይበቅላል። ክምሩ በደንብ ግሎ ቢሆን ፍሬው ይሞት ነበር። እሱ ካልሞተ ወስፋቱም በሕይወት ሊኖር ይችላል። አፍርሰን እንደገና ጀመርን።

በሁለተኛው ዝቃጩን አጠንፍፈን፣ ለአንድ እጅ ዝቃጭ ሦስት እጅ ሰጋቱራና የገበያ አትክልት ትራፊ አደረግን፣ ቴርሞሜትርም ገዛን። አሜሪካኖቹ ለእንዲህ ዓይነት ክምር 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ ለ15 ቀን፣ በመሃሉም አምስት ጊዜ መገልበጥ ይላሉ። መገልበጡን አትናቀው፤ ዳር ዳሩ አይግልም፣ ተራ በተራ መሃል መግባት አለበት። ወገብ ይቆርጣል እንጂ ይሠራል።

ክምር አልሠራም ካልክ ማቆየት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ በ2006 ባወጣው መመሪያ ሞቃት አገር ከአንድ ዓመት በላይ፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ብርድ ቦታ ደግሞ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይላል። ዝናብ እንዳይነካው ሸፍነው።

አንድ ሙቀት የማይፈታው ነገር አለ፣ እሱም ከባድ ብረት ነው። የቆዳ ፋብሪካ ወይም የጋራዥ ፍሳሽ ከገባበት መስመር የመጣ ከሆነ ላብራቶሪ ሳያየው አትንካው። ቆዳ ፋብሪካ የሚጠቀምበት ክሮሚየም የሚባለው ብረት አይበሰብስም።

እንግዲህ በደንብ የበሰለ ከሆነ ከጎመኑ ይልቅ ለአቮካዶ፣ ለማንጎ፣ ለባሕር ዛፍ ችግኝ ከሥር ቅበረው፣ ጓንትና ቦት ጫማ አድርገህ። ከመግዛትህ በፊት ግን አንድ እፍኝ ለምነህ ጣሳ ውስጥ አድርገው፣ ውሃ አጠጣውና ሁለት ሳምንት ጠብቅ። ባይበቅል ንጹህ ነው ማለት አይደለም። ቲማቲም ብቅ ካለ ግን ብርህን ከኪስህ አታውጣ።