«ሳይነስ ነው» ተብሎ ያልለቀቀ የጉሮሮ ንፍጥ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 34 ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከስድስት ወር ወዲህ ከአፍንጫዬ ጀርባ ወደ ጉሮሮዬ ንፍጥ ይወርዳል። ጠዋት «እህህ» ሳልል ድምፄ አይወጣም፤ ማታ ስጋደም ያስለኛል። አፍንጫዬን ይበላኛል፣ ያስነጥሰኛልም። «ሳይነስ ነው» ተብዬ ሁለት ጊዜ አሞክሳሲሊን ወስጃለሁ፤ ለውጥ የለም። በጨው ውኃ ለማጠብ ሞክሬ ነበር፤ አቃጥሎኝ ተውኩት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አፍንጫችንና በዙሪያው ያሉት የአጥንት ክፍተቶች፣ ማለትም ሳይነሶች፣ በቀን አንድ ሊትር ገደማ ፈሳሽ ያመርታሉ። ጤነኛ ሰውም ሳይታወቀው ሲውጠው ይውላል። የሚያስቸግረው ሲበዛ ወይም ሲወፍር ነው።

«ሳይነስ» እኛ ዘንድ የአፍንጫ ሕመም ሁሉ መጠሪያ ሆኗል፤ የእርስዎም ጣጣ የመጣው ከዚህ ስም ይመስለናል። በባክቴሪያ የተነሳ የሳይነስ ቁስለት ብዙውን ጊዜ የሚጠረጠረው ጉንፋን ከ10 ቀን በላይ ሳይሻል ሲቆይ፣ ሻል ብሎ እንደገና ሲብስ፣ ወይም 39 ዲግሪ የሚደርስ ትኩሳት ከፊት ሕመምና ከመግል መሰል ንፍጥ ጋር ከ3 እስከ 4 ቀን ሲዘልቅ ነው። ንፍጥ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሆኑ ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ ተራ ጉንፋንም ያንኑ ቀለም ያመጣል። ማሳከክና ማስነጠስ ያለበት፣ ወራት የዘለቀ ንፍጥ ግን ከሁሉ በፊት አለርጂን ያስጠረጥራል፤ አሞክሳሲሊን ደግሞ የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፣ ለአለርጂ አይሠራም። አቧራ፣ የፍራሽና የብርድ ልብስ ብናኝ፣ የድመት ፀጉር ዋና ቀስቃሾቹ ናቸው። የእጣንና የከሰል ጭስ አለርጂ ባይሆንም የተቆጣን አፍንጫ ያባብሳል። ቡናው ይቅር አንልም፤ እጣኑ ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ባይጨስ ይመረጣል።

ማጠቡን አይተዉት። ያቃጠለዎት ልኬቱ ስለተዛባ ሊሆን ይችላል፤ ጨው ሲበዛም ሲያንስም ያቃጥላል። ለ240 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ ማለትም ለአንድ መካከለኛ ብርጭቆ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይጨምሩ። ሶዳው ነው ማቃጠሉን የሚያበርደው። ሱቅ ውስጥ ከቤኪንግ ፓውደር ጋር ይምታታልና ማሸጊያውን ያንብቡ፤ ፓውደሩ አሲድና ስታርች ስላለበት ለአፍንጫ አይሆንም። አዮዲን የሌለው ንጹሕ ጨው ከተገኘ ይሻላል፤ አዮዲን አንዳንዱን ሰው ይቆጠቁጠዋል።

ውኃው የግድ የፈላ ይሁን። የቧንቧ ውኃ ቢጠጣ የማይጎዳ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል፤ በአፍንጫ ሲገባ ግን፣ እምብዛም ባይከሰትም፣ እስከ አንጎል የሚደርስ አሜባ አለ። የታሸገ ውኃም ቢሆን ይፍላ። አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ ገና 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፤ ስለዚህ መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ ሙሉ 3 ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ ለብ እስኪል ያቀዝቅዙት። ይህ ሁሉ ከከበደዎት ከመድኃኒት ቤት ኖርማል ሳላይን፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የጨው ውኃ፣ ይግዙ።

መርፌ የሌለው ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይበቃል። መታጠቢያው ላይ ጎንበስ ብለው አንገትዎን ወደ ጎን ያዘንብሉ፤ አፍዎን ከፍተው በአፍ ይተንፍሱ። ከላይ በኩል ባለው ቀዳዳ ቀስ ብለው ሲገፉት በታችኛው ይወጣል። ግማሹን በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው ያድርጉ። ወደ ጉሮሮ ከሄደብዎት «ካ፣ ካ» ይበሉ፤ ላንቃው ይዘጋል። ሲጨርሱ ሁለቱንም ቀዳዳ ክፍት አድርገው በቀስታ ይናፈጡ፤ አንዱን ጨምቀው በኃይል ከተናፈጡ ውኃው ወደ ጆሮ ይገባል። ሲሪንጁን አጥበው ያድርቁ፤ የተረፈውን ውኃ ይድፉት።

ማጠቡ ያጸዳል እንጂ ቁጣውን አያበርድም። ለዚያ የሚሆነው እንደ ፍሉቲካሶን ወይም ሞሜታሶን ያለ የአፍንጫ ስፕሬይ ነው፤ ከታጠቡ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላ ይጠቀሙበት። ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» የሚለው ወይ በሦስተኛው ቀን ስለሚተወው ነው፣ ወይ አነጣጠሩ ስለሚሳሳት። ሙሉ ውጤቱ እስከ 2 ሳምንት ይወስዳል። የቀኙን ቀዳዳ በግራ እጅ፣ የግራውን በቀኝ እጅ ይርጩ፤ ጫፉ ወደ ጆሮ በኩል ይዙር። ወደ መሐል ግድግዳው ከተረጨ ያደማል። በኃይል አይማጉት፤ ከማጉት ጉሮሮ ላይ ያርፋል። ማሳከኩና ማስነጠሱ ካስቸገረ የአለርጂ መድኃኒቱ ሴትሪዚን 10 ሚሊ ግራም ማታ ማታ ይረዳል።

አፍንጫን ወዲያው የሚከፍቱት ጠብታዎች፣ ማለትም ዛይሎሜታዞሊንና መሰሎቹ፣ ከ5 ቀን አይለፉ። ከዚያ በላይ ሲውሉ አፍንጫው ያለ እነሱ አልከፈት ይላል። የባሕር ዛፍ እንፋሎት መታጠን ለሰዓታት ቀለል ያደርጋል፤ ከዚያ በላይ አይጠብቁ፣ የፈላ ድስቱንም ከልጆች ያርቁ።

ይህን ለአራት ሳምንት አድርገው ካልተሻለዎት የአንገት በላይ ሐኪም ይየዎት። ከአንድ ወገን ብቻ የሚወርድ፣ የሚሸት ወይም ደም ያለበት ከሆነ አይጠብቁ። ሳሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ስለቆየም የቲቢ ምርመራ ይደረግልዎ።

ጥያቄ፦ እናቴ ኤናላፕሪል ከጀመረች ወዲህ ጉሮሮዋን ይኮረኩራታል፣ ደረቅ ሳልም ይዟታል። አክታ የላትም። ይህም የአፍንጫ ንፍጥ ነው?

መልስ፦ ይህ ይበልጥ የሚመስለው የመድኃኒቱን ሳል ነው፤ ኤናላፕሪልና ዘመዶቹ የሆኑ የደም ግፊት መድኃኒቶች በዚህ የታወቁ ናቸው። በሽሮፕም ሆነ በአፍንጫ ማጠብ አይለቅም። ነገር ግን እናትዎ በራሳቸው እንዳያቋርጡት፤ ግፊታቸው ይነሳል። የጻፈላቸው ሐኪም እንደ ሎሳርታን ባለ ሌላ መድኃኒት ሊተካላቸው ይችላል። ሳሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይጠፋል፤ አንዳንዴ እስከ 3 ወር ይጎተታል። ከንፈራቸው ወይም ምላሳቸው ካበጠ ግን በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።