ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ባሕር ውስጥ የያዘኝ ፍርሃት ጅማ ድረስ ተከተለኝ

ጥያቄ፦ 36 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ጅማ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ለሥራ ጅቡቲ ሄጄ ነበር። ባልደረቦቼ ስኩባ (አየር በሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር መጥለቅ) እንሞክር አሉና ከአሠልጣኝ ጋር ባሕር ገባን። አሥር ሜትር ገደማ እንደወረድን መነጽሬ ውስጥ ትንሽ ውሃ ገባ። ወዲያው አየር አጠረኝ። አፌ ላይ ያለውን መተንፈሻ ነቅዬ ልጥል ስል አሠልጣኙ እጄን ይዞ ከለከለኝ። ልጆቼ ዓይኔ ላይ ድቅን አሉ፤ በቃ ሞትኩ አልኩ። ቀስ አድርጎ አወጣኝ። በኋላ ሲታይ ሲሊንደሩ ገና ግማሹ እንኳ አላለቀም። አሁን ሌሊት ልቤ እየመታ ያባንነኛል። ፊቴን ስታጠብ ዓይኔን መጨፈን አቅቶኛል። ልቤን ታምሜ ይሆን? ወይስ ፈሪ ሆኜ ነው? ለባለቤቴም አልነገርኳትም።

መልስ፦ ፈሪነት አይደለም፤ እሱን እንተወው። የያዘዎት ነገር ፓኒክ አታክ፣ ማለትም ድንገት የሚነሳ ከባድ ፍርሃት፣ ይባላል። ብዙ ጊዜ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጣራ ይነካና ከዚያ እየበረደ ይሄዳል። «ሞትኩ» የሚለው ስሜትም ከምልክቶቹ አንዱ ነው።

ሲሊንደሩ አየር እያለው እርስዎን ለምን አየር አጠረዎት? ሰው ሲደነግጥ ቶሎ ቶሎ፣ ከላይ ከላይ ይተነፍሳል። ይስባል እንጂ በደንብ አያወጣም። አሥር ሜትር ላይ ደግሞ ግፊቱ ከውሃው በላይ ካለው እጥፍ ነው፤ አየሩ ስለሚወፍር መተንፈስ ራሱ ሥራ ይሆናል። በዚህ መሀል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል። የመታፈን ስሜትን በዋናነት የሚያመጣው ይኸው ጋዝ ነው፤ የኦክስጅን ማነስ አይደለም። አንጎል «አየር!» እያለ ይጮሃል። እጅም አፍ ላይ የተሰካውን ነገር እንደ አፈና ቆጥሮ ሊነቅለው ይሄዳል። አየር የሚመጣው ግን በእሱ ብቻ ነው! ሲሊንደራቸው አየር እያለው መተንፈሻቸውን ተፍተው የሞቱ ጠላቂዎች አሉ።

ያ ሰው ቀስ አድርጎ ስላወጣዎት ያመስግኑት። ትንፋሽዎን ይዘው ሽቅብ ቢፈተለኩ ኖሮ ሳንባዎ ውስጥ ያለው አየር ላይ ሲደርሱ እጥፍ ሊሆን ይሞክር ነበር። ሳንባ ይቀደዳል፤ የአየር አረፋ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ሁለት ሜትር እንኳ ለዚህ ይበቃል። እንዲህ ያለው ጉዳት ግን አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ያሳያል። ሦስት ሳምንት አልፏልና በዚህ አይጨነቁ።

ያልጻፉልኝ ነገር መቼ እንደተመለሱ ነው። አንዴ ብቻ ለጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ለጠለቀ 18 ሰዓት መቆየት ይመከራል። በመኪና የሚመለስም ይጠንቀቅ። ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ ደጋ መውጣት፣ ሲጠልቁ ደም ውስጥ ገብቶ ለቀረው ናይትሮጅን (ግፊት ሲቀንስ አረፋ ለሚሆነው ጋዝ) ከበረራ ብዙም አይለይም።

ረጋ የሚሉት ጠላቂዎች ልባቸው ከብረት የተሠራ እንዳይመስልዎት። መነጽር ውስጥ የገባን ውሃ በአፍንጫ እፍ ብሎ ማስወጣትን እስኪሰለቻቸው ይለማመዱታል። ሲደነግጡም ቁም፣ ተንፍስ፣ አስብ፣ ከዚያ አድርግ ነው ትምህርታቸው። እርስዎ ይህን ስንቴ ተለማመዱ? አንዴ? (እኔ ራሴ ጠልቄ አላውቅም። የመዋኛ ገንዳ ጥልቁ ጋ ስደርስ ጠርዙን የምይዝ ሰው ነኝ።)

ልብዎን በግምት አንለፈው። ደም ግፊት፣ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) እና የታይሮይድ (የአንገት እጢ) ምርመራ ያድርጉ፤ የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ልክ እንዲህ ልብ ያስመታል። ባሕሩ ውስጥ አስሎዎት ወይም ሮዝ መሳይ አረፋ ተፍተው ከነበረ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ያ የሳንባ ውሃ መቋጠር ሊሆን ይችላል። አስም ካለብዎትም እንዲሁ።

አሁን ለጅማ ሰው የሚከብደውን ልናገር፦ ቡና። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ሦስቱንም ጨርሶ የሚነሳ ሰው፣ ለሚመታ ልብ ማገዶ እየጨመረ ነው። ለጊዜው አንድ ስኒ፣ እሱንም ጠዋት። ጫት ካለ ደግሞ ጭራሹን ይተዉት። ከፋርማሲ ዳያዜፓም የሚባለውን ማረጋጊያ ገዝቶ መዋጥም አይሁን፤ ሱስ ያስይዛል።

ሌሊት ሲባንኑ ቁጭ ይበሉ። አየር ለመሳብ አይታገሉ፤ መጀመሪያ ያለውን ያውጡ። ከዚያ በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ ይሳቡ፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ያውጡ። ቀን ቀን ደግሞ ሳፋ ላይ ለብ ያለ ውሃ ይሙሉ። የመጀመሪያው ቀን አገጭዎን ብቻ ይንከሩ። ሲለምዱት አፍዎን፤ ትንፋሽዎን ውሃው ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ እያደረጉ ያውጡት። ከዚያ አፍንጫ፣ ከዚያ ዓይን ጨፍኖ። አይቸኩሉ፤ ልጆችዎ ቢስቁም ይሳቁ።

በአንድ ወር ካልተሻለዎት ወይም ከቤት መውጣት ካስፈራዎት የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ይሂዱ። በንግግር የሚሰጠው ሕክምና ለዚህ ችግር ጥሩ ይሠራል። የሚዋጥም አለ፤ ለውጡ የሚታየው ግን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነው። ደረትዎን ወጥሮ ከያዘዎት ወይም ራስዎን ከሳቱ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።

ለባለቤትዎ ዛሬ ማታ ይንገሯት። ሌሊት ሲባንኑ አጠገብዎ ያለችው እሷ ናት። ጀርባዎን ይዛ «አውጣው፣ አውጣው» የምትልዎት ሰው ያስፈልግዎታል።