«አዎ» ሲሉ የትኛውን ነው?

ጥያቄ፦ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ለጥናት ቤት ለቤት እየዞርኩ ስለ ድብርት የሚጠይቀውን ባለ ዘጠኝ ጥያቄ መጠይቅ፣ ፒኤችኪው-9ን፣ አነባለሁ። ፊደል ያልቆጠሩ ትልልቅ ሰዎች «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ከግማሽ በላይ በሆኑ ቀናት» ስላቸው ዝም ይላሉ። ሌላውን ሁሉ «አዎ» ይሉኛል። አማርኛው እንዴት ይስተካከል?

መልስ፦ መጠይቁ በፈረንጆቹ 2001 ሲወጣ ሰው ራሱ አንብቦ እንዲሞላው ነበር። እርስዎ ግን ለጆሮ ነው የሚያነቡት። ዝምታው ከዚያ ይመጣል።

ከ«አዎ»ው ልጀምር፤ አደገኛው እሱ ነው። «እንቅልፍ አይወስድዎትም?» ሲባሉ አንዱ «አዎ፣ አይወስደኝም» ይላል፤ ሌላዋ «አይ፣ አይወስደኝም» ትላለች። ሁለቱም ጥሩ አማርኛ ነው፣ ሁለቱም እንቅልፍ አጥተዋል። «አዎ»ና «አይ» ብቻ ከተመዘገበ ግን መልሳቸው ተቃራኒ ይሆናል። ስለዚህ አሉታውን ያውጡት፦ «እንቅልፍ እምቢ ይልዎታል?» «እህል ይዘጋዎታል?» እንቅልፍ ማጣትና እንቅልፍ መብዛት በአንድ ጥያቄ የታጨቁትንም ለየብቻ ይጠይቁ።

ጊዜውን ሰዉ በሚቆጥርበት ይቁጠሩ። ወሩ 21 ከሆነ «ከሥላሴ ወዲህ» ይበሉ፤ ከ7 እስከ 21 ልክ 14 ቀን ነው። በዓሉን ለማይቆጥር ሰው የገበያ ቀን አለ። «ከግማሽ በላይ» የሚለውን በቃል ለማስረዳት አይድከሙ። 14 የባቄላ ፍሬ ያስቀምጡና ችግሩ የነበረበትን ቀን ያህል ይለዩልዎ። ከሰባት ካለፈ ከግማሽ በላይ ነው። «በየቀኑ ማለት ይቻላል» የሚለው የመልስ ምርጫ ደግሞ የወረቀት ቋንቋ ነው። «በየቀኑ ነው? ቢቀር አንድ ሁለት ቀን?» ቢሏቸው ወዲያው ይገባቸዋል።

ይህን ሁሉ ግን ለብቻዎ አይለውጡት። ጠያቂው ሁሉ በአንድ ቃል ካልጠየቀ ውጤቱን ማወዳደር አይቻልም። ለአስተባባሪዎ ያሳዩ፤ ከዚያ ለጥቂት ሰዎች አንብባችሁ «ምን የጠየቅኩዎት መሰለዎት?» በሏቸው። ከዚህ የተሻለ ፈተና የለም።

ዘጠነኛውን ጥያቄ ለብቻው አደራ እላለሁ። «መሞትን ተመኝተው ያውቃሉ?» ከተባለ «ያውቃሉ» ዕድሜን በሙሉ ይጠቀልላል። ከሠላሳ ዓመት በፊት ልጅ የቀበረች እናት «አዎ» ትላለች። «ከሥላሴ ወዲህ ‹ብሞት ይሻለኛል› ያሉበት ቀን ነበር?» ይበሉ። ራስን የመጉዳት ሐሳብንም አስከትለው ለብቻው ይጠይቁ። «አዎ» ያለ ሰው ካለ የመልሱን ቁጥር ከበው ብቻ አይነሱ፤ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ሰው መኖሩን አረጋግጠው ይሂዱ።