የአንባቢያን ጥያቄ፦ ይህ ፐርሰንት የየትኛው ጊዜ ነው?

ከካዛንቺስ፦ ሒሳብ መዝጊያ ላይ ነን፤ የቢሮአችን ሊኑክስ ሰርቨር ከጠዋት ጀምሮ ተንቀራፈፈብን። ቶፕ (በሥራ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች እያደሰ የሚያሳይ ትዕዛዝ፣ top) ላይ ስናይ የሒሳብ ፕሮግራሙ 100 ፐርሰንት ፕሮሰሰር ይዟል ይላል። ፒኤስ (ዝርዝሩን አንዴ ብቻ የሚያወጣ ትዕዛዝ፣ ps) ላይ ግን ያው ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) 3.4 ብቻ ነው። እባካችሁ፣ የትኛውን እንመን?

ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚለኩት ጊዜ ነው የተለያየው። ሊኑክስ ላይ ፒኤስ የሚያወጣው ፐርሰንት ፕሮሰሱ ከተነሳ ጀምሮ የተጠቀመበት የፕሮሰሰር ጊዜ፣ ከተነሳ ወዲህ ላለፈው ጊዜ ተካፍሎ ነው፤ የዕድሜ ልክ አማካይ ማለት ነው። ቶፕ ግን ስክሪኑ ካለፈው ጊዜ ከታደሰ ወዲህ የሆነውን ብቻ ያሳያል። ካልቀየሩት ብዙውን ጊዜ 3 ሰከንድ ነው።

በቁጥር እንየው። ፕሮግራሙ የተነሳው ከ10 ቀን በፊት ነው እንበል፤ 240 ሰዓት። በዚህ ሁሉ ጊዜ 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ፕሮሰሰር ተጠቅሞ ከሆነ ፒኤስ 3.0 ይላል። አሁን አንድ ኮር (ከፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች አንዱን) ሙሉውን ይዞ ለ1 ሰዓት ቢሠራ፣ 8 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ለ241 ሰዓት ይካፈላል፤ 3.4። ሰርቨሩ እየታፈነ ፒኤስ ላይ የተንቀሳቀሰው ነጥብ አራት ብቻ ነው!

ተገላቢጦሹ ደግሞ የባሰ ያሳስታል። እንደተነሳ 1 ሰዓት ሙሉ ሠርቶ ከዚያ ዝም ያለ ፕሮሰስ 2 ሰዓት ሲሞላው 50፣ 10 ሰዓት ሲሞላውም 10 ይነበባል፤ በዚያች ደቂቃ ግን ምንም እየሠራ አይደለም። ስለዚህ የፒኤስን ፐርሰንት ብቻ አይታችሁ ፕሮሰስ አትግደሉ፤ ያልበደለውን ገድላችሁ ዋናውን ልትተዉት ትችላላችሁ።

እኛ ከፐርሰንቱ ይልቅ የምናምነው የ«ታይም» ዓምድን ነው፤ እሱ የተጠራቀመ ሰዓት እንጂ አማካይ አይደለም። ፒኤስን በሰረዝ ኢ (ሁሉንም ፕሮሰስ እንዲያሳይ) እና በሰረዝ ኦ፣ ፒአይዲ (የፕሮሰሱ መለያ ቁጥር)፣ ኢታይም (ከተነሳ ወዲህ ያለፈው ጊዜ) እና ታይም እንዲያወጣ እዘዙት (ps -e -o pid,etime,time)። ኢታይም 10-01:00:00 ካለ ፕሮሰሱ ከተነሳ 10 ቀን ከ1 ሰዓት ሆኖታል። ታይምን ጻፉ፣ 60 ሰከንድ ጠብቁና ደግማችሁ አንብቡ። 08:12:00 የነበረው 08:12:58 ከሆነ፣ ከ60 ሰከንድ 58ቱን ፕሮሰሰር ላይ ነበር፤ 97 ፐርሰንት ገደማ። ጥፋተኛው ይሄ ነው።

ቶፕን በስክሪፕት የምትጠቀሙ ከሆነ በሰረዝ ቢ፣ ሰረዝ ኤን 2፣ ሰረዝ ዲ 5 (top -b -n 2 -d 5፤ በ5 ሰከንድ ልዩነት ሁለት ዙር) አስነሱትና ሁለተኛውን ዙር ብቻ ውሰዱ። የመጀመሪያው ዙር የሚቀናነስበት ቀዳሚ ንባብ ስለሌለው የአሁኑን አይነግራችሁም። ማክ እና ፍሪቢኤስዲ (ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ላይ ደግሞ የፒኤስ ፐርሰንት እስከ 1 ደቂቃ ወደኋላ የሚሄድ፣ አሮጌው ክፍል እየከሰመ የሚሄድ አማካይ ነው። ላፕቶፕ ላይ የለመዳችሁትን ንባብ ሰርቨሩ ላይ አትጠብቁ።

ከፒያሳ፣ የሠርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ፦ ቪዲዮ ስንቀይር ኤፍኤፍኤምፔግ (የቪዲዮ መቀየሪያው ፕሮግራም) ቶፕ ላይ 380 ፐርሰንት ይላል። ማሽናችን ባለ 8 ኮር ነው። ከ100 በላይ እንዴት ይሆናል?

ቶፕ ላይ 100 ማለት አንድ ኮር ሙሉ ተያዘ ማለት ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ ሥራውን ለብዙ ትሬድ (ጎን ለጎን ለሚሄዱ የሥራ መስመሮች) ስለሚያከፋፍል የሁሉም ይደመራል፤ እናንተ ጋ ጣሪያው 800 ነው። ትልቁን የእንግሊዝኛ አይ ፊደል (I) ብትጫኑ ቶፕ ለ8 አካፍሎ 47.5 ያሳያችኋል።

ነገር ግን «ገና ግማሹ ይቀረናል» ከማለታችሁ በፊት ኤልኤስሲፒዩ (lscpu፣ የፕሮሰሰሩን ዝርዝር የሚያሳይ ትዕዛዝ) ብላችሁ በአንድ ኮር ስንት ትሬድ (እዚህ ላይ፣ አንዱ ኮር በአንዴ የሚያስተናግደው መስመር) እንዳለ እዩ። 2 ካለ፣ 8 የምትሉት በእውነቱ 4 ኮር ነው፤ የቀረው ጉልበትም ፐርሰንቱ ከሚለው ያነሰ ነው። ቶፕ ላይ ቁጥር 1ን ስትጫኑ እያንዳንዱ ለየብቻ ይወጣል። አንዱ 100 ላይ ሆኖ ሌሎቹ ባዶ ከሆኑ፣ ተጨማሪ ኮር ያለው ማሽን መግዛት ለዚያ ሥራ ብር ማባከን ነው።

ከአራት ኪሎ፦ ሁሉም ፕሮሰስ ከ5 ፐርሰንት በታች ነው፤ ሎድ አቬሬጁ (በሥራ ላይና በጥበቃ ላይ ያሉ ፕሮሰሶች አማካይ ብዛት) ግን 9፣ ማሽኑም አይንቀሳቀስም።

የሊኑክስ ሎድ አቬሬጅ ፕሮሰሰር የሚጠብቁትን ብቻ ሳይሆን ዲስክ እየጠበቁ የቆሙትንም ይቆጥራል። ፒኤስ ላይ በሁኔታው ዓምድ «ዲ» ፊደል ያላቸውን ፈልጉ፤ ቶፕ ላይ ደግሞ የ«ደብሊውኤ»ን (wa፣ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ዲስክ የጠበቀበት ጊዜ) ቁጥር እዩ። ከፍ ካለ፣ ባክአፕ እየሄደ፣ ዲስኩ እየተበላሸ ወይም ራም አልቆ ስዋፕ (የራምን ይዘት ወደ ዲስክ ማዛወር) እየተሠራ ሊሆን ይችላል። ቪኤምስታት 5 (vmstat 5፣ በየ5 ሰከንዱ አዲስ መስመር የሚያወጣ ትዕዛዝ) ብላችሁ፣ የመጀመሪያውን መስመር ዝለሉና «ኤስአይ» እና «ኤስኦ» (si እና so፣ ከስዋፕ የገባና ወደ ስዋፕ የወጣ) ዓምዶችን ተመልከቱ፤ ያለማቋረጥ ከዜሮ በላይ ከሆኑ ችግሩ ራም ነው። የተከራያችሁት ቨርቹዋል ሰርቨር (ከሌሎች ጋር አንድ ማሽን የሚጋራ) ከሆነና ቶፕ ላይ «ኤስቲ» (st፣ ፕሮሰሰሩ ለሌሎች የተሰጠበት ጊዜ) ከፍ ካለ ግን፣ ፕሮሰሰሩን እየተሻሟችሁ ያላችሁት ከጎረቤት ደንበኞች ጋር ስለሆነ ንባቡን በየሰዓቱ መዝግባችሁ ለአከራዩ አሳዩት።