ከውኃ በታች የሚቆይ ጊዜ፦ ስለ ሰርጓጅ መርከቦች የጦርነት ታሪክ ጥያቄና መልስ

ስለ ሰርጓጅ መርከቦች የጦርነት ታሪክ የቀረቡትን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ፤ ተቀራራቢ የሆኑትን አጣምሬአቸዋለሁ። ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በመልሶቹ ውስጥ አንድ ጉዳይ ተደጋግሞ ይነሣል፤ እርሱም መርከቧ ሳትታይ ከውኃ በታች ምን ያህል ጊዜ መቆየት ትችላለች የሚለው ነው። በእኔ አመለካከት የዚህ መሣሪያ ታሪክ ከቶርፔዶውም (በውኃ ውስጥ እየሄደ መርከብ ከሚመታው ፈንጂ) ሆነ ከአዛዦቹ ጀግንነት ይበልጥ የሚወሰነው በዚህ ጊዜ ርዝመት ነው።

ጥያቄ፦ በጦርነት ላይ የዋለችው የመጀመሪያዋ ሰርጓጅ መርከብ የትኛዋ ናት? አንዳንዶች «ተርትል»ን፣ ሌሎች «ሃንሊ»ን ይጠቅሳሉ።

መልስ፦ ሁለቱም ወገኖች ትክክል ናቸው፤ አንዱ ሙከራውን፣ ሌላው ውጤቱን ይቆጥራል። ዴቪድ ቡሽኔል የሠራት «ተርትል» አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ የእንጨት መርከብ ስትሆን፣ በ1776 በኒው ዮርክ ወደብ በነበረችው «ኢግል» በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ሥር ፈንጂ እንድትተክል ተልካ ሳይሳካላት ተመልሳለች። የጠላትን መርከብ በማስጠም የመጀመሪያዋ ግን በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለደቡቦቹ የተዋጋችው «ሃንሊ» ናት። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1864 ሌሊት፣ ሰባት ሰዎች በእጃቸው እየዘወሩ፣ ስምንተኛው እየመራት፣ በረጅም ዘንግ ጫፍ የታሰረ ፈንጂ ይዛ በቻርልስተን አቅራቢያ የሰሜኖቹን የጦር መርከብ «ሃውሳቶኒክ»ን አሰጠመች፤ እርሷም ከነሰዎቿ አልተመለሰችም። ከዚያ በፊት በልምምድ ላይ ሁለት ጊዜ ሰጥማ፣ ስሟን ያገኘችበትን ሆራስ ሃንሊን ጨምሮ 13 ሰዎችን ገድላ ነበር። በ«ሃውሳቶኒክ» ላይ የሞቱት ግን አምስት ብቻ ስለሆኑ፣ ከጠላት ይልቅ የራሷን ወገን የፈጀች መርከብ ናት ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ በ1864 እና በ1914 መካከል ምን ተለወጠ?

መልስ፦ ሦስት ነገሮች ተገናኙ። ሮበርት ኋይትሄድ በ1866 በራሱ ኃይል የሚሄድ ቶርፔዶ ሠራ፤ በመሆኑም አጥቂው ከፈንጂው ጋር አብሮ መጥፋቱ ቀረ። ባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ሳይፈጁ ከውኃ በታች ለመንቀሳቀስ አስቻሉ። በውኃው ላይ ደግሞ የነዳጅ ሞተር ረጅም ጉዞ እንዲቻል አደረገ፤ ጆን ሆላንድ እነዚህን አጣምሮ የሠራትን መርከብ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1900 ገዛት።

ጥያቄ፦ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የባሕር ኃይል መኮንኖች ለሰርጓጅ መርከብ ብዙም ግምት አይሰጡም ነበር ይባላል። አስተያየታቸውን የለወጠው ምንድን ነው?

መልስ፦ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1914 ጠዋት የሆነው ነገር ነው። በኦቶ ቬዲገን የምትመራው የጀርመኗ ዩ-9 በሰሜን ባሕር ላይ በዝግታ የሚጓዙ «አቡኪር»፣ «ሆግ» እና «ክሬሲ» የተባሉ ሦስት የእንግሊዝ ክሩዘሮችን (ትልልቅ የጦር መርከቦችን) አገኘች። «አቡኪር» ስትመታ አዛዡ የመሰለው ተጠምዶ የቆየ የባሕር ፈንጂ ነበርና ሁለቱ መርከቦች ሰዎቿን ለማዳን ቀረቡ። «ሆግ» ቆማ ጀልባ ስታወርድ ተመታች፤ «ክሬሲ»ም ተከተለች። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ወደ 1,460 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። ይህን ያደረገችው ከ30 የሚያንሱ መርከበኞች የያዘች፣ በዚያን ጊዜም ቢሆን እንደ አሮጌ የምትታይ መርከብ ነበረች።

ይሁን እንጂ የሰርጓጅ መርከብ ትልቁ ጉዳት በጦር መርከቦች ላይ አልነበረም። በንግድ መርከብ ላይ የነበረው የጦርነት ሕግ መርከቧ እንድትቆም፣ እንድትፈተሽና ከመስጠሟ በፊት ሰዎቿ ወደ ደኅና ስፍራ እንዲወጡ ያዝዝ ነበር። ሰርጓጅ መርከብ ይህን ለመፈጸም ከውኃው በላይ መውጣት አለባት፤ ስትወጣ ግን ቀፎዋ ስስ፣ መድፏም ትንሽ በመሆኑ የታጠቀ የንግድ መርከብ እንኳ ሊያሰጥማት ይችላል። እንግሊዞችም መድፍ የደበቁ፣ የንግድ መርከብ የመሰሉ ወጥመዶችን አሰማሩ። ጀርመን በፌብሩዋሪ 1917 ገደቡን አንሥታ ያለማስጠንቀቂያ ማጥቃት እንደገና ስትጀምር፣ በኤፕሪል ብቻ በድምሩ ከ800 ሺህ ቶን በላይ የሆኑ መርከቦች ጠፉ። መፍትሔው የንግድ መርከቦችን ሰብስቦ በአጃቢ የጦር መርከቦች ጥበቃ ማስጓዝ፣ ማለትም ኮንቮይ ነበር። አዲስ ሐሳብ አልነበረም፤ የብሪታንያ ባሕር ኃይል ለወራት ያመነታበት ምክንያት እስከ ዛሬ ለማሳመን የሚያበቃ ሆኖ አይታየኝም።

ጥያቄ፦ አሜሪካን ወደ ጦርነቱ ያስገባት የ«ሉሲታኒያ» መስጠም ነው?

መልስ፦ በቀጥታ አይደለም። የእንግሊዝ የመንገደኞች መርከብ የነበረችው «ሉሲታኒያ» በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ የሰጠመችው በሜይ 1915 ነው፤ አሜሪካ ጦርነት ያወጀችው በኤፕሪል 1917 ነው። በመካከሉ ሁለት ዓመት ያህል አለ። የ128 አሜሪካውያን ሞት ስሜቱን አዘጋጅቷል፤ ውሳኔውን ያመጡት ግን በዋናነት ያለገደብ ማጥቃቱ እንደገና መጀመሩና ጀርመን ለሜክሲኮ የላከችው የኅብረት ጥያቄ መጋለጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ዩ-ቦቶች (ሰርጓጅ መርከቦች) ከውኃ በታች እየዋኙ መርከቦችን ያሳድዱ ነበር ብዬ አስብ ነበር። በሌላ በኩል ግን አብዛኛው ጥቃት ከውኃ በላይ ነበር የሚል ንባብ አጋጥሞኛል። የትኛው ነው ትክክል?

መልስ፦ ሁለተኛው ነው፤ ይህን ጥያቄ በማንሣትዎ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ነገር የሚገለጠው እዚህ ላይ ነውና። በጦርነቱ በብዛት የተሠራችው ዓይነት ሰባት-ሲ በዲዝል ሞተሯ ከውኃ በላይ ከ17 ኖት በላይ ትሮጣለች (አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው)። ከውኃ በታች ግን በባትሪ ስለምትሄድ ከፍተኛ ፍጥነቷ ወደ 7.6 ኖት ይወርዳል፤ ያንንም ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የምትችለው። በ4 ኖት እየተሳበች እንኳ ወደ 80 የባሕር ማይል ከሄደች ባትሪዋ ያልቃል፤ ይህም 20 ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ለሞተሯ አየር ለማግኘትና ባትሪዋን ለመሙላት ለሰዓታት ከውኃው በላይ መሆን ግዴታዋ ነው። ስለዚህ በትክክለኛው አነጋገር ሰርጓጅ መርከብ ሳትሆን፣ ሲያስፈልጋት ለአጭር ጊዜ መስረግ የምትችል ፈጣን የቶርፔዶ ጀልባ ነበረች።

የዩ-ቦቶቹ አዛዥ አድሚራል ካርል ዶኒትዝ ስልቱን የቀረጸው በዚህ ላይ ነው። ኮንቮይ ያገኘችው መርከብ በሬዲዮ ታሳውቃለች፣ ሌሎቹ ይሰበሰባሉ፣ ሌሊት ከውኃ በላይ ሆነው በኮንቮዩ መካከል ይገባሉ። የእንግሊዝ አጃቢዎች የታመኑበት ሶናር (በድምፅ የሚፈልግ መሣሪያ) ከውኃ በታች ያለውን እንጂ በላዩ ላይ ያለውን ትንሽ ጥላ አይለይም ነበር። በኦክቶበር 1940 ኤስሲ-7 ከተባለው ኮንቮይ 35 መርከቦች 20 የሰጠሙት በዚህ ዘዴ ነው።

የውስጡን ኑሮ የጠየቁም አሉ። ወደ 50 የሚጠጉ ሰዎች ከቶርፔዶዎቹ ጋር ተጨናንቀው ይተኛሉ፤ አንዱ ተነሥቶ ወደ ተራው ሲሄድ ሌላው በዚያው አልጋ ላይ ይጋደማል። ሁለት መጸዳጃ ቤት ቢኖርም ጉዞ ሲጀመር አንዱ በምግብ ይሞላል። ከሁሉም የሚፈራው ግን የባሕር ውኃ ወደ ባትሪው ክፍል መግባቱ ነው፤ ጨዋማው ውኃ ከባትሪው አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይፈጠራልና።

ጥያቄ፦ የአትላንቲክ ጦርነት የተቋጨው የኤኒግማ (የጀርመኖች የምስጢር መልእክት ማሽን) ምስጢራዊ ጽሑፍ በመፈታቱ ነው ማለት ይቻላል?

መልስ፦ ትልቅ ድርሻ ነበረው፤ ብቻውን ግን አልነበረም። ጀርመኖች በፌብሩዋሪ 1942 በዩ-ቦት ኤኒግማ ላይ አራተኛ ተሽከርካሪ ጎማ ሲጨምሩ እንግሊዞች ለአሥር ወራት ያህል ታውረዋል። መንገዱን እንደገና የከፈተው በኦክቶበር 1942 በምሥራቅ ሜዲትራኒያን እየሰጠመች ከነበረችው ዩ-559 የወጡ ሰነዶች ናቸው፤ ሰነዶቹን ያወጡት ፋሰን እና ግሬዚየር የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ መርከበኞች ከመርከቧ ጋር ሰጥመው ቀርተዋል።

ቢሆንም ምስጢሩ እንደገና ከተፈታ በኋላም እንኳ በማርች 1943 ኮንቮዮቹ ክፉኛ ተመተው ነበር። ሚዛኑን የለወጡት ሌሊት ከውኃ በላይ ያለችውን መርከብ የሚያይ ባለ አጭር ሞገድ ራዳር፣ የሬዲዮ መልእክት የላከችበትን አቅጣጫ የሚጠቁም መሣሪያ፣ እንዲሁም በአትላንቲክ መካከል ማንም ያልደረሰበትን ክፍተት የሸፈኑ ረጅም በራሪ የሊበሬተር አውሮፕላኖች ናቸው። ሦስቱም የሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ መርከቧ በውኃው ላይ የምትሆንበትን ጊዜ ነጠቋት። በሜይ 1943 ብቻ 41 ዩ-ቦቶች ጠፉ፤ ከሞቱት መካከል የዶኒትዝ ልጅ ፒተር አንዱ ነበር። ዶኒትዝም በዚያው ወር ኃይሉን ከሰሜን አትላንቲክ አወጣ። በዩ-ቦት ወደ ባሕር ከወጡት ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል በጦርነቱ አልቀዋል።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከቦች በፓስፊክ ያደረጉት ለምን ብዙ አይወራለትም?

መልስ፦ ስላሸነፉ ይመስለኛል፤ የተሸናፊው ታሪክ ይበልጥ ይማርካል። ከባሕር ኃይሉ ሰው 2 በመቶ ያህል ብቻ የነበሩት ሰርጓጆች ከጠፋው የጃፓን የንግድ መርከብ ቶን ከግማሽ በላይ የሚሆነውን አሰጥመዋል። ጃፓን ነዳጇን፣ ጎማዋንና ማዕድኗን በባሕር የምታመጣ ደሴት ስለነበረች ጉዳቱ በቀጥታ ፋብሪካዎቿን መታ። ኮንቮይ ማደራጀትም ዘግይታ ነው የጀመረችው።

አስገራሚው ነገር አሜሪካውያኑ የጦርነቱን የመጀመሪያ አንድ ዓመት ተኩል የተዋጉት በማይሠራ መሣሪያ መሆኑ ነው። ማርክ-14 የተባለው ቶርፔዶ ከተስተካከለለት ጥልቀት በታች ይሄድ ነበር፤ መግነጢሳዊ ማፈንጃው ያለጊዜው ይፈነዳል ወይም ጭራሽ አይፈነዳም፤ ሲመታ እንዲፈነዳ የተሠራው ሌላው ክፍል ደግሞ በቀጥታ ሲጋጭ ይጨፈለቃል። በጁላይ 1943 የአሜሪካዋ ሰርጓጅ «ቲኖሳ» አንዲት ግዙፍ የጃፓን ነዳጅ ጫኝ መርከብን አቁማ፣ ተመቻችታ፣ ቶርፔዶ በቶርፔዶ ብትተኩስባት አብዛኞቹ ጎኗን መትተው ሳይፈነዱ ቀሩ። አዛዡ የመጨረሻዋን ቶርፔዶ ሳይተኩስ ለምርመራ ይዞ ተመለሰ። በፓስፊክ የአሜሪካ ሰርጓጆች አዛዥ የነበረው አድሚራል ቻርልስ ሎክዉድ ቶርፔዶዎች በገደል ላይ እንዲተኮሱና ከከፍታ በብረት ላይ እንዲጣሉ አድርጎ ጉድለቱን አረጋገጠ። የሚያሳዝነው፣ የጦር መሣሪያ ክፍሉ እስከዚያ ድረስ ጥፋቱን በአዛዦቹ ላይ ሲያላክክ መቆየቱ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ሰርጓጅ መርከቦች ከውኃ በታች ሆነው ተዋግተው ያውቃሉ?

መልስ፦ አዎን። በፌብሩዋሪ 1945 በኖርዌይ ጠረፍ የእንግሊዟ «ቬንቸረር» የጀርመኗን ዩ-864 አሰጥማለች። ሁለቱም ሰርገው ሳሉ የተፈጸመ በመሆኑ እስከ ዛሬ በይፋ የሚታወቀው ብቸኛው እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ የኒውክሌር ኃይል በእርግጥ የለወጠው ምንድን ነው?

መልስ፦ ከላይ ስናወራበት የቆየነውን ገደብ አስወገደ። የአሜሪካዋ «ኖቲለስ» በጃንዋሪ 1955 ጉዞ ስትጀምር፣ አየር በማይፈልገው የኒውክሌር ኃይል የሄደች የመጀመሪያዋ መርከብ ሆነች። ኦክስጅንን ከባሕር ውኃ በኤሌክትሪክ እየለዩ ማግኘት ስለተቻለ የጉዞውን ርዝመት የሚወስኑት ምግብና የሰው ትዕግሥት ብቻ ሆኑ። በኦገስት 1958 በሰሜን ዋልታ በረዶ ሥር አለፈች፤ በ1960 ደግሞ «ትራይተን» ሰርጋ ዓለምን ዞረች። በዚያው ዓመት በጁላይ «ጆርጅ ዋሽንግተን» ከውኃ በታች ሆና የኒውክሌር ቦምብ መሸከም የሚችለውን የፖላሪስ ባሊስቲክ ሚሳይል ተኮሰች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ፣ ተሰውራ አጸፋ የምትመልስ መርከብ ስለምትኖር፣ በአንደኛ ምት የጠላትን የኒውክሌር ኃይል በሙሉ አጠፋለሁ ብሎ ማሰብ የማይቻል ሆነ።

ጥያቄ፦ በኩባ ሚሳይል ቀውስ አንድ የሶቪየት መኮንን ዓለምን አዳነ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ዋናው ነገር እውነት ነው፤ በዝርዝሩ ላይ የዓይን ምስክሮች ይለያያሉ። የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ ቢ-59 የኒውክሌር ቶርፔዶ ጭና የነበረች ቢሆንም እርሷ ራሷ በዲዝልና በባትሪ የምትሄድ ነበረች። ኦክቶበር 27 ቀን 1962 የአሜሪካ መርከቦች ከበው የልምምድ ቦምብ ሲወረውሩባት ባትሪዋ ተሟጥጦ፣ ውስጧ እጅግ ግሎ፣ አየሩ ተበክሎ ነበር፤ ከሞስኮም ጋር አልተገናኘችም። ከመርከበኞቹ አንዱ በኋላ እንደተናገረው አዛዡ ሳቪትስኪ ቶርፔዶው እንዲዘጋጅ አዘዘ፤ በመርከቧ የነበረው የብርጌዱ ኤታማዦር ሹም ቫሲሊ አርኺፖቭ ግን አረጋጋው። መጨረሻ ላይ ወደ ላይ ያስወጣት ያለቀው ባትሪዋ ነው።

ጥያቄ፦ ከ1945 በኋላ ሰርጓጅ መርከቦች በውጊያ መርከብ አሰጥመዋል?

መልስ፦ ጥቂት ጊዜ። በዲሴምበር 1971 የፓኪስታኗ «ሃንጎር» የሕንዷን ፍሪጌት (አጃቢ የጦር መርከብ) «ኩክሪ»ን አሰጠመች። በፎክላንድ ደሴቶች ጦርነት፣ ሜይ 2 ቀን 1982፣ የእንግሊዟ «ኮንከረር» የአርጀንቲናን ክሩዘር «ጄኔራል ቤልግራኖ»ን መታች፤ 323 ሰዎች ሞቱ። የኒውክሌር ሰርጓጅ የጠላትን የጦር መርከብ በቶርፔዶ ስታሰጥም የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በኋላ የአርጀንቲና መርከቦች፣ አውሮፕላን ተሸካሚዋን ጨምሮ፣ ወደ ጠረፋቸው ተመልሰው ዳግም አልወጡም።

በዚሁ ጦርነት ብዙም የማይነሣው የ«ሳን ልዊስ» ታሪክ ነው። ይህች የአርጀንቲና ዲዝል ሰርጓጅ የተኮሰቻቸው ቶርፔዶዎች አንድም አልሠሩላትም። ሆኖም በአካባቢው አለች ተብሎ ስለሚታሰብ ብቻ እንግሊዞች የፀረ ሰርጓጅ መሣሪያቸውን ብዙ ክፍል በዓሣ ነባሪና በሐሰተኛ የሶናር ድምፅ ላይ ሲያባክኑ ቆይተዋል።

ጥያቄ፦ እንግዲህ የዲዝል ሰርጓጅ መርከብ ዘመኗ አልፏል?

መልስ፦ አላለፈም። በባትሪ ስትሄድ የኒውክሌር ማብላያን የሚያቀዘቅዝ ፓምፕ ስለሌላት ከኒውክሌሯ ይልቅ ጸጥተኛ ልትሆን ትችላለች። የስዊድን «ጎትላንድ» ፈሳሽ ኦክስጅን በሚጠቀም ሞተር ለሳምንታት ሰርጋ የምትቆይ ሲሆን፣ አሜሪካውያን በ2005 ተከራይተው ለሁለት ዓመት ያህል በካሊፎርኒያ ጠረፍ ተለማምደውባታል፤ እርሷን ማግኘት እንዳስቸገራቸው በሰፊው ተዘግቧል። የጃፓኗ «ኦርዩ» ደግሞ በ2020 ከእርሳስ ባትሪ ይልቅ የሊቲየም ባትሪ ይዛ አገልግሎት ጀምራለች። ይሁን እንጂ ውቅያኖስን በፍጥነት አቋርጦ ለመሄድ የኒውክሌሯን የሚተካ የለም።

ጥያቄ፦ ድሮኖችና አዳዲስ መመርመሪያዎች ባሕሩን እንደ መስታወት ግልጽ ያደርጉታል የሚሉ አሉ። ይስማማሉ?

መልስ፦ በቅርቡ ይሆናል ብዬ አላምንም። ብርሃንም የራዳር ሞገድም በባሕር ውኃ ውስጥ ሩቅ አይሄዱም፤ የቀረው ድምፅ ነው። ድምፅ ደግሞ ሞቃቱና ቀዝቃዛው ውኃ በሚገናኙበት ንብርብር ላይ ሲደርስ ይታጠፋል፤ በዚያ ሥር የተሸሸገች መርከብ ከላይ ለሚያዳምጥ ላትሰማ ትችላለች። ጠባብ በሆኑ የባሕር ወሽመጦችና ጥልቀት በሌላቸው ጠረፎች ላይ ግን ብዙ ርካሽ መመርመሪያዎችን መዘርጋት ስለሚቻል አደጋው እውነተኛ ነው። ወደብ ላይ ያለች መርከብ ደግሞ ከማንም ኢላማ አትለይም፤ በሴፕቴምበር 2023 የሩሲያዋ «ሮስቶቭ ና ዶኑ» በሴባስቶፖል የጥገና ስፍራ ላይ ቆማ ሳለች በሚሳይል ተመትታለች።